አራተኛው ቋሚ

የካቲት 3፣ ሰኞ

ካርቶኑ መጣ። ጠፍጣፋ ነው፣ በር ያህላል። ከፈትኩት። አራት ቋሚ ብረት፣ ጥቂት አግዳሚ፣ አንድ ከረጢት ብሎንና ዳዶ። በቃ። በር የለው፣ ጎን የለው፣ ቁልፍ የለው።

የጠየቅሁት የሚቆለፍ የብረት ሳጥን ነበር። ሦስት ጊዜ በጽሑፍ ጠይቄያለሁ። የሆስፒታሉ ሰርቨር፣ ስዊቾቹ፣ ራውተሩ፣ የሕመምተኛው ካርድ ሁሉ የሚያልፍበት ዕቃ፣ ከካርድ ክፍል ጀርባ እንጨት መደርደሪያ ላይ ተቆልሎ አምስት ዓመት ኖረ። አሁን ለብቻው ክፍል ሰጡኝ፤ የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫ የነበረች፣ እስካሁን በረኪና የምትሸት። ለእሷ የሚሆን ግዛ ሲባል የሚስቴ ወንድም ይህን አጥንት ገዝቶ መጣ።

“ክፍት ራክ ነው ጋሼ” አለኝ። “አየር እንደ ልብ ያገኛል። ከምትለው ሳጥን ደግሞ በሲሶ ዋጋ።”

ሠራተኛው “ቅናሽ” ብሎ የሚጠራው ያለ ነገር አይደለም። ጓንት ቢገዛ ቅናሽ፣ ወንበር ቢገዛ ቅናሽ። ግዢ ክፍል ያስቀጠርኩት እኔ ነኝ፤ የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ሚስቴ ስትነዘንዘኝ። ያስቀጠርኩት ሰው ዛሬ የእኔን ጥያቄ ተቀብሎ “አይቻልም” ብሎ ይፈርምበታል። እሱ ማን እንዳስገባው ረስቷል። እኔ አልረሳሁም።

“አመሰግናለሁ” አልኩት። አነጋገሬ ገብቶታል፤ ፊቱን አዙሮ ሄደ።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

ካርቶኑ ኮሪደር ላይ ነው። ሁሉም እየረገጠው ያልፋል፣ ሁሉም የሚለው አያጣም። የካርድ ክፍሏ ሴትዮ፣ ያየችውን ሁሉ ለሁሉ ስለምታሰማ “ሬዲዮ” ያልናት፣ ጎንበስ ብላ አየችና፣

“አልጋ ነው?” አለች።

“መቃብር ነው” አልኳት።

“የማን?”

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

የካቲት 9፣ እሑድ

ገጠምኩት። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስምንት።

ቅናሽ መጣ፤ ሥራ በሌለበት ቀን፣ የሥራ ልብሱን ለብሶ። ከካርቶኑ የወጣውን መግጠሚያ ወረቀት ይዟል።

“ሁለት ሰው ይፈልጋል ይላል ጋሼ። አንዱን ልያዝልህ።”

“ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህ ስሠራ ማን ያዘልኝ?”

“ኧረ ብረት ልያዝ ነው ያልኩህ! ሌላ ምን አልኩ?”

“ገዝተሃል። ሥራህን ጨርሰሃል። ሂድ።”

ወረቀቱን መስኮቱ ላይ አስቀምጦ ሄደ። አየሁት። ፊደል የለበትም፣ ሥዕል ብቻ። ራሳቸው እንደ ብርቱካን ድቡልቡል ያለ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው ብረት ይዘዋል። ለሕፃን የተሣለ ነው የሚመስለው። አጣጥፌ መስኮቱ እንዳይንኳኳ ወሸቅሁት።

የመጀመሪያውን ቋሚ ከመስኮቱ ፍርግርግ ጋር በኬብል አሰርኩት። ሁለተኛውን በጉልበቴ ደገፍኩ። ሦስተኛውን በትከሻዬ። አራተኛው ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ በሁለተኛው ጊዜ እግሬ ጣት ላይ አረፈ። አንሥቼ እንዳገኘሁት ሰካሁት። ብሎኑን በየትኛው እጄ እንዳጠበቅሁ እኔም አላውቅ። ቋሚዎቹ ላይ የተለጠፈውን ስስ ላስቲክ አላነሣሁትም፤ ብረቱ እንዳይጫር።

ዳዶዎቹ የተረገሙ ናቸው። እያንዳንዱ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ውስጥ በስፕሪንግ ይገባል፤ ሲገባ ጣት ይነክሳል። አውራ ጣቴ ሁለት ቦታ ተቀደደ።

ቆሞ ሳየው ግን ደስ አለኝ። ጥቁር፣ ቀጥ ያለ፣ ቁመቱ እኔን የሚያህል። ይህን ለማንም አልነግርም።

የካቲት 11፣ ማክሰኞ

አይገጥምም።

አንዱን ስዊች በግራ በኩል በብሎን ያዝኩት፤ በቀኝ በኩል ብሎኑና ቀዳዳው አይገናኙም። በጣት ውፍረት ይበላለጣሉ። ከፍ አድርጌ ሞከርኩ፤ ያው። ዝቅ አድርጌ ሞከርኩ፤ ያው።

ያልኩት ደረሰ። ጠማማ ነው። ከፋብሪካ ጠሞ የወጣ ብረት በሲሶ ዋጋ ይሸጣል፤ ቅናሽም ይገዛዋል።

የካቲት 12፣ ረቡዕ

ሥራ አስኪያጇን ይዤ መጥቼ አሳየኋት። ውኃ ልክ አዘጋጅቼ ነበር። ቀደም ብዬ ራኩ አናት ላይ ሳስቀምጠው አረፋዋ መሀል ላይ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ ስለዚህ ስዊቹ ላይ አስቀመጥኩት። አረፋዋ ወደ ዳር ሮጠች።

“ምን ማለት ነው?” አለች።

“ጠማማ ነው ማለት ነው።”

“ማነው የገዛው?”

ታውቃለች። ግዢውን የፈረመችው እሷ ናት። ግን ጠየቀች።

ቅናሽ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። “እኔ ከመግዛቴ በፊት ሱቁ ውስጥ አንድ የተገጠመ አይቻለሁ። ቀጥ ያለ ነው” አለ።

“አንተ ያየኸው ሌላውን ነዋ!” አልኩት።

ኮሪደር ላይ የቆሙት ሳቁ። ሥራ አስኪያጇ አልሳቀችም። “በጽሑፍ አምጣልኝ” ብላኝ ሄደች።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

ሪፖርቱን አስገባሁ። አንድ ገጽ ተኩል። የወደድኩትን ዓረፍተ ነገር እዚህ ልገልብጠው፦ “እያንዳንዱን አካል በእጄ ፈትሼ ገጥሜዋለሁ፤ ጉድለቱ የዕቃው እንጂ የአገጣጠም አለመሆኑን አረጋግጣለሁ።”

ጥሩ ነው። ስለ አገጣጠሙ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ ልሰርዘው አልኩና ተውኩት።

የካቲት 16፣ እሑድ

“እስኪለወጥ በሱ ተጠቀም” ተባልኩ። ለሁለት ሰዓት አገልግሎት ለማቋረጥ ፈቃድ ተቀብዬ ዕቃውን አዛወርኩ። መብራት ሲጠፋ የሚይዘው ባትሪ ከታች፣ ሰርቨሩ ከሱ በላይ፣ ከዚያ ስዊቾቹ። በቀኝ በኩል እንደ ምንም እየገፋሁ አንድ አንድ ብሎን ብቻ አስገባሁ። ሰርቨሩ በቀኝ ስላዘነበለ ከሥሩ ሁለት የእንጨት ቁራጭ ወሸቅሁለት።

እውነቱን ለመጻፍ ያህል፣ ለሥራ ይመቻል። በየትም በኩል እጅ ይገባል። ድሮ አንድ ኬብል ለመፈለግ በደረቴ ተኝቼ አቧራ እበላ ነበር፤ አሁን ዞሬ ከኋላው ቆሜ አየዋለሁ። ዕቃውም አይግልም። የጠየቅሁት ሳጥን ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይሆንም ነበር።

ይህም ለቅናሽ አይነገርም።

የካቲት 19፣ ረቡዕ

ቅናሽ የሚኖረው ከግቢያችን ጓሮ ባለችው ክፍል ነው። ራት ላይ ሳለን ገባ። ሚስቴ ሳህን አቀረበችለት፤ አልነካውም።

“ጋሼ፣ ሻጩ አልመልስም አለ። አንዴ ተገጥሟል አለ። ደግሞ ይህን ያህል ዓመት ስሸጥ አንድም ጠማማ ነው ብሎ የመለሰልኝ የለም፣ ማነው የገጠመው አለኝ።”

“ምን አልከው?”

“ሃያ ሁለት ዓመት የሠራ ሰው ነው የገጠመው አልኩት።”

ምስክርነት ይሁን ሽሙጥ አልለየሁትም። ሽሙጥ ነው ብዬ ያዝኩት።

“በወንበሮቹ ጉዳይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለብኝ” አለ። “ይህ ከተጨመረ ያስወጡኛል። እንደገና ፈተን ብንገጥመውስ? አንድ ላይ?”

“ሥራዬን ልታስተምረኝ ነው?”

“አይደለም ጋሼ።”

“ነው እንጂ! ወንበር ስትገዛ ማን አስተማረህ? ተቀምጠውበት የወደቁት ሐኪም ናቸው ያስተማሩህ።”

ሚስቴ ማንኪያዋን ጣለችው። “አንተ ሰውዬ፣ ልጁ እኮ እየለመነህ ነው!”

ልጁ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ልጁ ተነሥቶ ወጣ። ሚስቴ ሳህኑን አነሣች፤ የእኔንም አብራ፣ ሳልጨርስ።

የካቲት 23፣ እሑድ

አቧራ ልጠርግ ገባሁ። ቋሚዎቹ ላይ ያለው ላስቲክ ከጫፉ መላጥ ጀምሯል፤ ጎተትኩት። ከሥሩ ቁጥር አለ። ለካ በየቀዳዳው ጎን ቁጥር ተመቷል፤ ከታች አንድ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል።

ሦስቱን ላጥሁ።

አራተኛውን ላጥሁ። የፊት ለፊቱን፣ የቀኙን።

ኬብሎቹን አስተካከልኩ። ወለሉን ጠረግሁ። የአራተኛውን ላስቲክ መልሼ ለጠፍኩት፤ አልጣበቅ አለ። ከቁስል ማሸጊያ ክፍል ፕላስተር ለምኜ በሱ ያዝኩት።

የካቲት 24፣ ሰኞ

ደህና ዕቃ ተገልብጦ አይገባም። ነጥቡ ይህ ነው። ቋሚው ከአንዱ ጫፉ እስከ መጀመሪያው ቀዳዳ ያለው ርቀት ከሌላው ጫፉ በጣት ውፍረት ይበልጣል፤ ይህን ያወቀ አምራች ሰው እንዳይሳሳት ሁለቱን ጫፎች ለየቅል ያደርጋቸዋል። ገልብጠው ሲሰኩት እሺ ብሎ የሚገባ ብረት በራሱ ጉድለት አለበት። ስለዚህ ሪፖርቱ ትክክል ነው። አጻጻፉ ትንሽ ይለያይ እንጂ ትክክል ነው።

ደግሞስ ባዞረው ምን ይሆናል? ቀጥ ይላል። ቀጥ ያለውን ሁሉም ያየዋል። ሥራ አስኪያጇ “ጠማማ ነው ብለህ አልፈረምክም?” ትላለች። ቅናሽ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። ሬዲዮ እስከ ምሳ ድረስ ለሦስቱም ፎቅ ታዳርሳለች።

እንዳለ ይቆይ። እየሠራ ነው እኮ።

የካቲት 26፣ ረቡዕ

አንደኛው እንጨት ተንሸራቷል። ወደ ቦታው መለስኩት። በር ሲዘጋ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ ይሆናል። ቀስ ብላችሁ ዝጉ የሚል ወረቀት በሩ ላይ ለጠፍኩ።

የካቲት 28፣ ዓርብ

ቆመ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ወረፋው ደጅ ሲደርስ። እንጨቱ አመለጠ፣ ሰርቨሩ በቀኝ ጎኑ ዘጭ አለ፣ የኃይል ገመዱን ነቅሎ ወረደ። አርባ ደቂቃ ካርድ የለ፣ የላቦራቶሪ ውጤት የለ። አንዲት ሴት ልጇን ታቅፋ የካርድ ክፍሉን መስኮት በጡጫ ትደበድባለች።

“ምን አድርጊ ትይኛለሽ፣ እኔ ኮምፒውተር አይደለሁ!” ትላታለች ሬዲዮ።

“ልጄ እየነደደ ነው!”

“እኔስ? እኔስ እየነደድኩ አይደለም?”

ሥራ አስኪያጇ ስትመጣ ተንበርክኬ ሰርቨሩን በገመድ ከራኩ ጋር እያሰርኩ ነበር።

“በሪፖርትህ የጻፍከው ነገር ነው?”

“አዎ” አልኩ።

አንድ ቃል። ውሸት የለበትም።

ከሥራ ስወጣ ሬዲዮን ስለ ልጁ ጠየቅኋት። መርፌ ተወግቶ ትኩሳቱ ወርዶለት ወደ ቤቱ ሄዷል። “ምነው ዘመድህ ነው እንዴ?” አለችኝ። ለምን እንደጠየቅሁ አላውቅም።

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

ቅናሽ ታገደ። ደብዳቤው የእኔን ሪፖርት ቀንና ቁጥር ጠቅሷል። ኮሚቴ አይቶት ይባረራል። እዚህ መሥሪያ ቤት ታግዶ የተመለሰ ሰው አላየሁም።

ግዢ ክፍሉ በር ላይ ተገጣጠምን። ቁልፉን ሊያስረክብ ይዞ ነበር። እንዲያልፍ ጠጋ አልኩለት።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

ሬዲዮ ለፋርማሲዋ ሴት ስታወራ ሰማሁ። መኖሬን አላወቀችም፤ ወይም አውቃለች።

“የገዛ ሚስቱን ወንድም እኮ ነው ያስበላው።”

“ዕቃው ግን ጠማማ አይደል?”

“እኔ ምን አውቅልሻለሁ፣ ብረት ነው። ሰውዬው ግን ባለፈ ባገደመ ቁጥር ያፈጥበታል። ብረቱ ሰድቦታል ነው የምትይው።”

ተሳሳቁ።

ቤት ደግሞ ሚስቴ የእኔን ምግብ ታቀርብና የራሷን ይዛ ጓሮ ትሄዳለች፤ ከወንድሟ ጋር ትበላለች። ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ። ግድግዳው ስስ ነው። ሲያሙኝ ብሰማ ይሻለኝ ነበር። አያሙኝም። የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነው የሚመጣው።

ልነግራት አስቤ ነበር። “ታውቂያለሽ፣ ያ ብረት” ብዬ ጀመርኩ። “ስለ ብረት አልሰማም” አለችኝ። ስለዚህ የሞከርኩ መሆኔ ይመዝገብልኝ።

መጋቢት 8፣ ሰኞ

ሥራ አስኪያጇ አስጠራችኝ። ኮሚቴው ዓርብ ይሰበሰባል። ከዚያ በፊት ሐሙስ ዕለት ከውጭ አንድ ባለሙያ መጥቶ ራኩን ያያል፤ ሻጩን ለመክሰስ የሌላ ሰው ቃል ያስፈልጋል ብሏል የሕግ ሰው።

“የእኔ ቃል አይበቃም?”

“አንተ ዘመድ ነህ” አለችኝ። “ለሱ ያዳላል እንዳይሉ።”

ለሱ ላዳላ።

የሚመጣው የሚያውቅ ሰው ከሆነ ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም። ፕላስተሩን ያነሣል፣ ያያል፣ አለቀ።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

ከሐሙስ በፊት መዞር አለበት። ቀጥ ያለበትን ምክንያት ሲጠይቁኝ አቃናሁት እላለሁ። ጠማማ ብረት ተገዝቶ ነበር፣ እኔ እየደበደብኩ አቃናሁት። ይታመናል። ቅናሽስ? ለቅናሽ ያኔ አማልደዋለሁ። ቤተሰብ አለው እላለሁ። የለውም፤ ግን እኛ አለን።

ዕቃውን አውርጄ ብሠራው ቀላል ነበር። ለማውረድ ማጥፋት አለብኝ፤ ለማጥፋት የሥራ አስኪያጇ ፊርማ ያስፈልጋል፤ እሷ ደግሞ ለምን ትላለች። እንደበራ መሠራት አለበት። እንደበራ ለመሥራት አንድ ሰው የፊቱን ቀኝ ጎን ከነዕቃው መሸከም አለበት፣ ቋሚው ወጥቶ እስኪመለስ ድረስ።

ማን? ጥበቃው ያወራል። የጥገና ሠራተኞቹ ያወራሉ። ቢያወራ ማንም የማይሰማው አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው።

መጋቢት 10፣ ረቡዕ

ጎሕ ሲቀድ የጓሮውን በር አንኳኳሁ። ወዲያው ከፈተ። ለብሷል፣ ተላጭቷል። ሥራ ከተከለከለም ወዲህ በሰዓቱ ይነሣል ማለት ነው።

“አንድ ነገር ትይዝልኛለህ።”

“ምን?”

“ራኩን።”

ሌላ አልጠየቀም። ጫማውን አጠለቀ። ይህ አናደደኝ። ቢሰድበኝ መንገዱ ይቀልልኝ ነበር። ሃያ ደቂቃ ጎን ለጎን ሄድን።

“ቅናሽ ታግዶ የለም እንዴ?” አለ ጥበቃው።

“ከእኔ ጋር ነው” አልኩት። የሁለታችንንም ስም ደብተሩ ላይ ጻፈ።

ክፍሏ ውስጥ ገብተን ነገርኩት፤ ትከሻህን እዚህ አግዳሚ ሥር አስገባ፣ በግራ እጅህ ሰርቨሩን ከታች ደግፍ፣ እስክልህ ድረስ እንዳትነቃነቅ። እንዳልኩት አደረገ። ገመዱን ፈታሁ፣ በቀኝ በኩል ያሉትን ብሎኖች አንድ በአንድ አወጣሁ። የዕቃዎቹ መብራቶች ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ ድንገተኛ ክፍል ሰው እየመዘገበ ነው።

“ይሄ ፕላስተር ምንድን ነው?” አለ።

“ላስቲክ መያዣ።”

የላዩን ፈታሁ። የታቹን ፈታሁ። ክብደቱ ሲያርፍበት ትንፋሹ ቁርጥ አለ፤ ግን ያዘ። ቋሚውን ስቤ አወጣሁ። ላስቲኩ ከነፕላስተሩ ተገነጠለ። ብረቱ በፊቱ አጠገብ አለፈ።

“ጋሼ።”

“ያዝ።”

“ይዣለሁ። ቁጥሩ ተዘቅዝቋል።”

“ያዝ ብያለሁ!”

“የሌሎቹ አልተዘቀዘቀም።”

ቋሚውን ገልብጬ ወደ ቦታው አስጠጋሁት። የቀኙ ቀዳዳዎች ከግራዎቹ ጋር ፊት ለፊት ገጠሙ፤ ከበር ላይ ሆኖም ይታያል። ሁለታችንም አየነው።

የቅናሽ ላብ ከአገጩ ይንጠባጠባል።

“መቼ ነው ያወቅኸው?”

“ዝም ብለህ ያዝ።”

“ያ ሰርቨር ከወደቀበት ዓርብ በፊት ነው በኋላ?”

መፍቻው ከእጄ ወደቀ። ጎንበስ ብዬ አነሣሁት። ለማንሣት ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ ቆየሁ።

“አሁን ብለቀውስ?” አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

“ድንገተኛ ክፍል ሰው አለ።”

“እሱን ነው የያዝኩት። አንተን አይደለም። መልሰው።”

“ምኑን?”

“እንደነበረው መልሰው። ተዘቅዝቆ። ነገ ሰውዬው መጥቶ ይየው።”

“አብደሃል እንዴ? ቀጥ ብሎልን እኮ...”

“ቀጥ ብሎልህ። ጋሼ፣ ክንዴ እየዛለ ነው።”

መልሼ ገለበጥኩት። የመጀመሪያው ቀን ሳላውቅ ነው፤ ዛሬ ግን ቁጥሮቹ ዓይን ለዓይን እያዩኝ፣ በገዛ እጄ፣ ብሎን በብሎን። አንዷን ላላ አድርጌ ላልፋት ስል “እሷ አልጠበቀችም” አለኝ። አጠበቅኋት።

ትከሻውን ሲያወጣ የአግዳሚው ጠርዝ ሸሚዙ ላይ የደም መስመር አስምሯል። ወጥቶ ሄደ። ላስቲኩንና ፕላስተሩን ከወለሉ ለቅሜ ኪሴ ከተትኩ። ለምን ኪሴ እንደከተትኩት እንጃ፤ ቅርጫቱ አጠገቤ ነበር።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

ባለሙያው ወፍራም፣ ለስላሳ ሰው ነው። ትንሽ የእጅ ባትሪ አወጣ፣ አንዴ ከላይ እስከ ታች አበራና ሳቀ። ክፋት የለውም።

“ይህን ማን ገጠመው? ብረቱ እኮ ምንም የለበትም። ቋሚው ተገልብጦ ነው። ሰው ብቻውን ሲታገል የሚሆን ነው።”

ሥራ አስኪያጇ ወደ እኔ ዞረች።

“እኔ ነኝ” አልኩ።

ፈቃድ ተሰጠ፣ ዕቃው ጠፋ፣ ራኩ ተፈታ፣ ተገጠመ። አንድ ሰዓት ፈጀ። ሰርቨሩ በሚንሸራተትበት ሐዲድ ላይ በአንድ ጣት ግፊት ገባ። ባለሙያው “ጥሩ ግዢ ነው፤ በዚህ ዋጋ ከየት አገኛችሁት?” አለ።

መጋቢት 12፣ ዓርብ

ኮሚቴ። አምስት ሰው፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የማይከፈት መስኮት። የአገጣጠም ስህተት መሆኑን ተናገርኩ። ሳላውቅ ነው አልኩ። ካወቅሁ በኋላ ስላሉት ቀናት የጠየቀኝ የለም።

ከዚያ ሥራ አስኪያጇ የጥበቃውን ደብተር አወጣች።

“ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ ሁለታችሁም ገብታችኋል። ምን ልታደርጉ?”

ቅናሽ ቢናገር የምባረረው እኔ ነኝ። እሱም ያውቃል። በሸሚዙ ሥር ትከሻው ላይ የተለጠፈው ፋሻ ጉብ ብሏል፤ ከተቀመጥኩበት ይታየኛል። ጠረጴዛውን እያየ፣

“የቀሩኝን ወረቀቶች ልወስድ ነው። ጋሼን አስገባኝ ብዬው ነው” አለ።

“እውነት ነው?” አለችኝ።

“አዎ” አልኩ።

ለሱ እገዳው ተነሣ። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፤ ደግሞም ከእንግዲህ ለክፍሌ የሚወጣ ማንኛውም ዕቃ የሱን ፊርማ ይፈልጋል።

ኮሪደር ላይ ሮጬ ደረስኩበት። “ለምን አልተናገርክም?”

“አንተ ብትባረር ቀኑን ሙሉ ቤት ልትውል ነው” አለኝ። “እህቴ አሳዘነችኝ።”

መጋቢት 14፣ እሑድ

ቅናሽ የጓሮዋን ክፍል ለቀቀ። ሌላ ቦታ ተከራይቷል። ፍራሹን ከሚስቴ ጋር ተሸክመው አወጡት። አንዱን ጫፍ ልይዝ ተነሣሁ።

“ተወው፣ ይዘናል” አለችኝ ሚስቴ።

ነግሯታል ወይስ አልነገራትም? ፊቷን አየሁ። አይታወቅም። ልጠይቃት አልችልም፤ ካልነገራት የምነግራት እኔ ልሆን ነው።

መጋቢት 22፣ ሰኞ

ራኩን ስንፈታ በፒንሳ እየነቀልኩ ያወጣኋቸው ዳዶዎች ተጣመዋል። ሌላ ያስፈልጋል። አርባ ብዬ ቅጹን ሞላሁና ግዢ ክፍል ሄድኩ። ሁለት ሰው ቀድሞኛል። ወረፋ ቆምኩ።

ቅናሽ ቅጹን አነበበ። ቀና አላለም።

“አርባ ለምን?”

“የተጣመሙ አሉ።”

“ስንት?”

“አርባ ገደማ።”

“ቆጥረሃቸዋል?”

ከኋላዬ የቆመችው ነርስ ሰዓቷን አየች።

“አልቆጠርኩም” አልኩ።

“ቆጥረህ ና።” ቅጹን መለሰልኝና “ቀጥሎ” አለ።

ተመልሼ ክፍሏ ወለል ላይ ተቀመጥኩ። ከረጢቱን ዘረገፍኩት፤ ደህናውን ወደ ግራ፣ የተጣመመውን ወደ ቀኝ። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። አሥራ ሰባት ናቸው።